የቅሬታ ደብዳቤ፦ ያዘዝኩት የጌም ሳጥን ሌላ፣ የመጣልኝ ሌላ

ባህር ዳር

ይድረስ ለእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት

ጤና ይስጥልኝ። በስልክ ደጋግመን ተነጋግረናል፤ መግባባት ግን አልቻልንም። ስለዚህ በጽሑፍ ላቅርበው።

እናንተ ዘንድ ያዘዝኩት የጌምና የሙዚቃ ሳጥን ነው። ድሮ ውጭ አገር ሳንቲም እየጨመሩ ቆመው የሚጫወቱበት ዓይነት፣ እንደ ጁክቦክስም ዘፈን የሚመረጥበት። ከላይ ስክሪን፣ መሃል ላይ የጆይስቲክ (ጌሙን በእጅ የሚመሩበት ዘንግ) እና የቁልፎች ሰሌዳ፣ ከታች ስፒከር። ኮምፒውተሩን፣ አምፕሊፋየሩን፣ ጆይስቲኩን ሁሉ እኔው ነኝ ያዘጋጀሁት። ከእናንተ የፈለግሁት የእንጨት ሥራውን ብቻ ነው። ልኬቱ አንድ በአንድ የተጻፈበት ሥዕል ሰጥቻችኋለሁ። ፎርማናችሁ አይቶ "ይቻላል" አለና ፈረመበት። የዋጋውን ግማሽ ቀብድ የከፈልኩትም በዚያ ፊርማ ተማምኜ ነው።

ከሁሉም የባሰው የመጫወቻ ሰሌዳው ነው። ትልልቆቹ ቁልፎች 30 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ ትንንሾቹ 24። ቁጥሩን እኔ አልፈጠርኩትም፤ የጃፓን ቁልፎች የሚመረቱት በዚህ ልክ ነው። ሠራተኛችሁ ግን ትልልቆቹን በ28 በሳቸው። ቁልፉ አልገባ ሲለው ደግሞ ሞረድ አንስቶ አሰፋቸው። አሁን አንዱም ቀዳዳ ክብ አይደለም። ጣት ሲያርፍበት ቁልፉ ቦታው ላይ ይዞራል፤ ከሥር ያለው ሽቦም አብሮት እየተጎተተ ይላቀቃል።

ጆይስቲኩ ደግሞ የሚታሰረው ከሰሌዳው ሥር ነው። ሰሌዳው 18 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ዘንጉ ያንን ሁሉ አልፎ ሲወጣ አጭር ይሆናል፤ እጅ አይሞላም። ለዚህ ነው "ከሥር ተቦርቡሮ ይሳሳ" ብዬ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት። አልተቦረቦረም። ከላይ የቀረችው የዘንጉ ጫፍ ኳስ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። ልጄ ገና ሲያያት "አባዬ፣ ይሄ የድስት ክዳን መያዣ ነው እንዴ?" አለኝ። ምን ልበለው?

ወደ እንጨቱ ልምጣ። ውላችን የሚለው 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ የእንጨት ቃጫ የተጨመቀ ጣውላ) ነው። ፊት ለፊቱ በእርግጥ ኤምዲኤፍ ነው። ጎኑና ወለሉ ግን ቺፕውድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀ) ሆኖ ተገኝቷል። ይህም የታወቀው የጠርዙ ልባጥ ሲላቀቅ ነው። ኤምዲኤፍም ቢሆን ውሃ አይወድም፤ ቺፕውድ ግን ይብሳል። ቤታችን ለጣና ቅርብ ነው፤ ክረምት ላይ እርጥበቱ ለማንም የባህር ዳር ሰው አይነገርም። ሥዕሉ ላይ ሳጥኑ ከመሬት ከፍ እንዲል ከሥር ጎማ ነበረው። እሱም ቀርቷል። ስለዚህ ቤት በተወለወለ ቁጥር የታችኛው ጠርዝ ውሃ ይጠጣል። አሁን አብጧል።

ስክሪኑ በቁሙ እንዲገባ ነበር ያዘዝኩት። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓክማን የተባለው ጌምም ሆነ በዓመቱ የመጣው ጋላጋ የተሠሩት ለቁም ስክሪን ነው። ሠራተኛችሁ "ቲቪ እንዴት በቁሙ ይገባል?" ብሎ በራሱ ጊዜ አጋደመው። ሥዕሉን አረመልኝ ማለት ነው! አሁን ጨዋታው መሃል ላይ ቀጥኖ ይታያል፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ባዶ ነው።

የኋላው ክዳን በማጠፊያ የሚከፈት፣ አየር ማስወጫም ያለው እንዲሆን ተስማምተን ነበር። እናንተ በምስማር መታችሁ ዘጋችሁት። ውስጡ ያለው ራስቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የአባቴን ሸክላዎች ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት ዘና ብለን ልንሰማቸው ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ገና ሁለት ዘፈን ሳይጨርስ ድምፁ ድርግም ይላል። አንድ ሽቦ ለማየትም ምስማር መንቀል ሊኖርብኝ ነው።

ሁሉም ጥፋት ነው አልልም። ቀለም ቀቢያችሁ እጁ የተባረከ ነው። ጎኑ ላይ የሣላት ታንኳ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቃት ናት። ቺፕውዱ ሲቀየር እሷም አብራ መሄዷ ያሳዝነኛል።

ያናደደኝ መልሳችሁ ነው። እርስዎ "እኛ የምንሠራው አልጋና ቁም ሳጥን ነው፤ ይሄ ነገር ምን እንደሆነ አናውቅም" አሉኝ። ይህ ቀብድ ከመቀበል በፊት የሚባል ነገር ነው። ፎርማኑማ "የልጅ መጫወቻ ነው፤ ምን ታካብዳለህ?" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። የልጅም ይሁን የአዋቂ፣ ገንዘብ የተቀበላችሁበት ሥራ ነው።

የምፈልገው ይህ ነው። ሰሌዳው በአዲስ ኤምዲኤፍ ከሥር ተቦርቡሮ እንደገና ይሠራ። ጎኑና ወለሉ ይቀየር፤ ጎማው ይግባ። ስክሪኑ ይቁም። የኋላው በር በማጠፊያ ይሁን፤ አየር ማስወጫም ይውጣለት። ይህ ሳይሆን ቀሪውን ግማሽ ክፍያ አልከፍልም። አንችልም ካላችሁ ደግሞ ቀብዴን መልሱና ሳጥናችሁን ውሰዱ። በሁለቱም ካልተስማማን የተፈረመበትን ሥዕልና ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የወጣው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። እዚያ ባንደርስ ግን እመርጣለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ። እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ሠራተኛ የሚልኩ ከሆነ ሜትርና ሥዕሉን ይዞ ይምጣ፤ ሞረዱን እዚያው ይተወው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከሽምብጥ