ይበራል ወይስ አይበራም? የአየር ሁኔታና በረራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ በግቢያችን የማያውቅ የለም። በየጠዋቱ ከሰልፍ በፊት «ይበራል» ወይም «አይበራም» ተብሎ ይጻፍባታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ይቆይ»። ዓመቱን ሙሉ «ምኑ ነው የሚበረው?» እያላችሁ ስትጠይቁን ከረማችሁ። ይኸው ዛሬ በጽሑፍ ልመልስ።

የምናበረው አውሮፕላን የለንም። ሰሌዳዋ የምትናገረው በሐሳባችን ስላለች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነው። አንድ ሞተር አላት፤ ሁለት ሰው ትይዛለች። አብራሪዋ የምትበረው ለሥራ አይደለም፤ ለመዝናናት ነው። ደመና ውስጥ ገብታ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ሥልጠና የላትም። ምድሩንና ሰማዩን በዓይኗ እያየች ነው የምትበረው። እኛ በየጠዋቱ ለእሷ እንወስናለን፤ ዛሬ ትነሳ ወይስ ትቅር?

ሆን ብዬ ለመዝናናት የምትበር አብራሪ ነው የመረጥኩት። እንዲህ ዓይነቷ አብራሪ የሚጠብቃት ተሳፋሪ የለም። የሚያስገድዳት ቀጠሮም የለም። ብትቀር ምንም አይጎድልባትም። ታዲያ በዓለም ዙሪያ ለመዝናናት የወጡ ስንት አብራሪዎች መጥፎ ደመና እያዩ ለምን ገቡበት? መቅረት ለምን እንዲህ ይከብዳል? ዓመቱን ሙሉ ስናገላብጠው የከረምነው ይህን ጥያቄ ነው።

በመምህራን ክፍል «ኮምቦልቻ ላይ ማን ለመዝናናት ይበራል?» የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ማንም አይበርም። በታሪክ ትምህርት የአድዋን ጦርነት ስናስተምርም ማንም አይዘምትም። ልጆቻችን ሙቀት፣ እርጥበት፣ ግፊትና ነፋስ ለፈተና ብቻ የሚሸመደዱ ነገሮች እንዳልሆኑ በዓይናቸው አይተዋል። ይህ ለአንድ የፊዚክስ መምህር ትንሽ ነገር አይደለም።

መስከረም መጨረሻ ላይ በ34 ተማሪዎች ጀመርን፤ ሰኔ ላይ 22 ነበርን። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ተሰበሰብን። ኮሚቴ መረጥን፣ የተረኛ ፕሮግራም አወጣን፣ በወላጆች ቀን ሥራችንን አቀረብን። ስለ ስብሰባዎቹ ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ዋናው ሥራ የጠዋቱ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ተረኞች ይወጣሉ። መጀመሪያ የሚያዩት ምን ያህል ርቀት እንደሚታይ ነው። ካርታ ላይ ርቀታቸውን የለካናቸው ምልክቶች አሉን። አንድ ሚናሬት፣ ከዚያ የፋብሪካ ጣሪያ፣ ከዚያ ወደ ደሴ የሚወስደው ዳገት። በዓይን ለሚደረግ በረራ ዓለም አቀፉ ደንብ ከባሕር ወለል 3,050 ሜትር በታች በአብዛኛው ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር መታየት አለበት ይላል። ከደመናም በጎን 1,500 ሜትር፣ ወደ ላይና ወደ ታች 300 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የደመናው ስር ነው። ልጆቹ ከሁሉም የወደዱት ይህን ነው። ሁለት ቴርሞሜትሮች አሉን። የአንደኛው ጫፍ በነጭ የጫማ ማሰሪያ ተጠቅልሏል፤ የማሰሪያው ጫፍ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ ተነክሯል። ውሃው ሲተን ቴርሞሜትሩን ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ እርጥቡ ከደረቁ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ከሁለቱ ተነስተን በሰንጠረዥ የጤዛ ነጥብን እናገኛለን፤ አየሩ ስንት ዲግሪ ላይ ሲደርስ እርጥበቱ ወደ ውሃ መለወጥ እንደሚጀምር ማለት ነው። የአየሩ ሙቀት ከጤዛ ነጥቡ ያለውን ልዩነት በ125 ብታባዙት፣ የኩሙለስ ደመና (እንደ ጥጥ ክምር የሚቆለለው ማለት ነው) ስር ከመሬት በስንት ሜትር ላይ እንደሚሆን ግምቱን ታገኛላችሁ።

ይህ ቀመር ለእኛ አገር ነው የተሠራው ማለት ይቻላል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደሴ ከእኛ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ልዩነቱ 5 ዲግሪ ከሆነ የደመናው ስር 625 ሜትር ላይ ነው። እኛ አንጋጠን ደመና የምንለው፣ ለደሴ ሰው ደጁ ላይ የቆመ ጉም ነው።

አንድ ጠዋት አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልዩነቱን 5 አገኘች። ስልኬን ለምና ደሴ ላለች አክስቷ ደወለች።

«አክስቴ፣ እናንተ ጋ ጉም ነው አይደል?»

«ኧረ ድፍን አድርጎታል! ከፊት ለፊት ያለው ሱቅ እንኳ አይታየኝም። ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገራትም። አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ የጫማ ማሰሪያ ናቸው የነገሯት። ልጅቷ ስልኩን ስትመልስልኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከደስታ ነው።

ነፋሱን ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ በሰፋነው ከረጢት እናያለን። ግምቱን ደግሞ በቦፎርት መለኪያ እናመሳክራለን፤ ነፋሱ የሚያንቀሳቅሰውን ነገር አይቶ ለኃይሉ ቁጥር የሚሰጥ ነው። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያለማቋረጥ ከተወዛወዘ 3 ነው። አቧራና ወረቀት ከመሬት ካነሳ 4 ነው፤ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ሰማዩ ኩልል ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ እኩለ ቀን ላይ ሰሌዳዋ «ይቆይ» አለች። ብዙ ሰው ስህተት መስሎት ነበር። ስህተት አልነበረም። በዚያ ሰዓት ሙቀቱ 28 ዲግሪ ነበር። ሞቃት አየር ስስ ነው፤ ከፍታ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ይቀንሳል። በእኛ ከፍታ በ28 ዲግሪ ሲሰላ፣ ትንሿ አውሮፕላን 2,770 ሜትር ላይ እንዳለች ነው የምትሆነው። ለመነሳት ረጅም ታኮበኩባለች፤ ከተነሳችም በኋላ ሽቅብ መውጣት ያቅታታል። ዙሪያችን ደግሞ ተራራ ነው። አንዱ ልጅ ቁጥሩን አይቶ «ቲቸር፣ አውሮፕላኗ ኮምቦልቻ ቆማ ደሴን በልጣለች ማለት ነው?» አለኝ። እንደዚያው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን መልሱ ጠዋት በብርዱ መነሳት ነው።

ታኅሣሥ ላይ ስለ ደመና ውስጥ በረራ ተማርን። ከቢሮ ተሽከርካሪ ወንበር ተውሰን ልጆቹን ዓይናቸውን በሻሽ ሸፍነን ቀስ እያልን አዞርናቸው። እኩል ፍጥነት ይዘን ትንሽ ስንቆይ «ቆምኩ» ይላሉ። ወንበሩን ስናቆመው ደግሞ «አሁን ወደ ኋላ እየዞርኩ ነው» ይላሉ። ጆሯችን ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ያታልለናል። መሬቱ የማይታየው አብራሪም የሚገጥመው ይኸው ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ የመብረር ሥልጠና የሌላቸውን 20 አብራሪዎች ውጭ እንዳያዩ አድርገው ፈትነዋቸው ነበር። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ አማካይ ጊዜው 178 ሰከንድ ነበር። ሰዓት ይዘን ክፍሉ ውስጥ በዝምታ 178 ሰከንድ ቆጠርን። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ቀን በኋላ «ደመናውን ቶሎ ሰንጥቃ ብትወጣስ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ የለም።

አሁን ወደ ቦሩ ሜዳ ጉዟችን ልምጣ። ስለዚህ ጉዞ ብዙ ስለተወራ በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ።

ልጆቹ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም ሞተር የሌለው ሞዴል አውሮፕላን ሠሩ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ነው። ሁለት ወር ፈጅቷል። አየር ማረፊያው ቅርባችን ስለሆነ ከኮምቦልቻ ምንም ነገር ወደ ላይ እንዳንልክ ከመጀመሪያው ተስማምተናል። ስለዚህ ከደሴ አልፈን ሰፊው ሜዳ ላይ ለማብረር አቀድን። በጸጥታው ምክንያት ሁለት ጊዜ አራዘምነው። ሚያዝያ ላይ ፈቃዱም፣ የሚኒባሱ ኪራይም፣ የወላጆች ፊርማም ተሟላ።

አንድ ሕግ ነበረን። ፎሙ ላይ ሰው እንደተቀመጠበት አድርገን እንወስናለን። ውሳኔው የአንድ ሰው ነው፤ የዕለቱ አብራሪ። እጣ ስናወጣ ለአንዲት ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደረሳት። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች።

ጠዋት ወጣን። ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣው። ልጆቹ ጆሯቸው ሲደፈን እየሳቁ ምራቅ ይውጣሉ። ቆሎ ተዞረ፤ ተዘፈነ። አራት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ደረስን። ፀሐይ ነበር። ሁሉም ጫማውን እያወለቀ ሣሩ ላይ መሮጥ ጀመረ።

እሷ ብቻ ራቅ ብላ ቆመች። ከኪሷ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከደብተር የተቀደደ ነው። ማታ ቤቷ ሆና ሦስት መስመር ጽፋበታለች። ነፋሱ አቧራ ካነሳ አልበርም። የነፋሱ አቅጣጫ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተቀየረ አልበርም። የደመናው ቁመት ከስፋቱ ከበለጠ አልበርም።

ትንሽ ሣር እየነጨች ወደ ላይ ትበትናለች። ሰዓቷን ታያለች። እንደገና ትነጫለች። የበልግ ደመና ከተራራው ጀርባ እንደ አበባ ጎመን እየተቆለለ መውጣት ጀመረ። ነፋሱ መጀመሪያ ከፊታችን ነበር፤ ከጎን መጣ፤ ከዚያ ከኋላችን ቀዝቀዝ ብሎ ነፈሰ። ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱ ሞሉ። ወረቀቱን አጠፈችና ወደ እኛ መጥታ «አይበራም» አለች።

ጩኸት ሆነ። «ፎም እኮ ነው!» አሉ። «ማን ይሞታል?» አሉ። «ስንት ብር ከፍለን መጥተን!» አሉ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ጓጉቼ ነበር። ፎቶ ይዤ ለመጽሔታችን ላወጣው አስቤ ነበር። «ትንሽ ብንጠብቅና ብናየውስ?» አልኳት። አየችኝ።

«ቲቸር፣ ይሄን የጻፍኩት ማታ ነው። ማታ አልጓጓሁም ነበር።»

ዝም አልኩ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሳስተምር። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ደመናው በኋላ ወደ ሌላ በኩል ሄደ። ዝናብ አልመጣም። ሰባት ሰዓት ላይ ጭራሽ ፀሐይ ሆነ። ግን ሚኒባሱን የተከራየነው እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ስለነበር በዚያ ሰዓት ቁልቁል እየወረድን ነበር። ዘፈን የለም። ልጅቷ መስኮቱን ተደግፋ አለቀሰች። ጓደኛዋ ነጠላዋን ደረበችላት።

ረቡዕ ስንሰበሰብ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። ዝናቡ ካልመጣ ውሳኔው ስህተት ነበር ማለት ነው? ከትምህርት በኋላ እስኪመሽ ተከራከሩ። ዘበኛው ሊያስወጣን መጥቶ እሱም ቆሞ ሰማ። አንዱ «ቢመጣ ኖሮስ?» ይላል። ሌላው «በውጤቱ ከሆነማ ገደል አፋፍ ላይ በፍጥነት ነድቶ የተረፈ ሾፌርም ጎበዝ ነው በላ!» ይላል። ሜዳው ላይ ከሁሉም በላይ የጮኸው ልጅ በመጨረሻ ተነስቶ መዝገቡን ከፈተና የቅዳሜው ረድፍ ላይ ጻፈ፦ «አይበራም። ትክክል።» ማንም አላዘዘውም።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቹ ከፍለው ሄደው ሳያበሩ ተመለሱ» ብለው ቅር መሰኘታቸውን ሰምቻለሁ። አክብሬ የምመልሰው፣ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የተገኘው በዚያ ቀን ነው። ገንዘባችሁ አልባከነም።

ያልሞሉልን ነገሮችም ነበሩ። ዝናብ መለኪያችን ኅዳር ላይ ተሰብሮ በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የቀጠልነው። በሁለተኛው መንፈቅ የጠዋት ተረኛ እየጠፋ ብዙ ቀን መዝገቡ ባዶ ሆኗል፤ ይህ የእኔም ድክመት ነው። አየር ማረፊያ ለመጎብኘት ያስገባነው ደብዳቤ መልስ አላገኘም። አውሮፕላን በአናታችን ላይ አልፎ ይወርዳል፤ ልጆቻችን ግን እስካሁን የሚያውቁት አጥሩን ብቻ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከቤተ ሙከራችን የጠፋው ባሮሜትርም እስካሁን አልተተካም። ለኳስ ቡድኑ ማሊያ በመገዛቱ ደስ ብሎኛል። ለአንድ ባሮሜትር ግን አራት ዓመት መጠበቅ ረጅም ነው።

የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም። አንድ ባሮሜትር፣ አንድ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ፣ አንድ ትክክለኛ ዝናብ መለኪያ። አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ያገለገለም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን። የሚቲዎሮሎጂ ወይም የበረራ ሙያ ያላችሁ ደግሞ አንድ ረቡዕ ብቻ መጥታችሁ ብታወሯቸው ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነው።

ሞዴሉ አሁን የፊዚክስ ክፍል ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ጊዜም አልበረረም። ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቦሩ ሜዳ እንመለሳለን። ከኪራዩ ግማሹን ክበቡ አጠራቅሟል፤ ቀሪውን ማገዝ የሚፈልግ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰሌዳዋ አጠገብ ያገኘኛል። አብራሪዋ ያችው ልጅ ናት። በዚህኛው ጊዜ እጣ አላወጣንም።