የእንግሊዝኛ ክበብ፦ በአንድ ቃል የከረመ ዓመት

መስከረም ላይ ያወጣነው ዕቅድ በሳምንት 10 አዳዲስ ቃላት፣ በወር አንድ ክርክር፣ በዓመት አንድ የግድግዳ ጋዜጣ ይላል። ክርክሩ ሁለት ጊዜ ተካሂዷል። ጋዜጣው ወጥቷል፤ ዝናብ እስኪያበላሸው ድረስም ተነቧል። 10 ቃላት የሚለው ግን ኅዳር ላይ ቆመ። ያስቆመው አንድ ቃል ነው፤ ዲፌኔስትሬሽን።

ያመጣችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሌላ ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ አገኘችው። ትርጉሙ ሰውን ወይም ዕቃን በመስኮት ወደ ውጭ መወርወር ነው። ክፍሉ በሳቅ አበቃለት። "ቲቸር፣ ለዚህም ቃል አላቸው?" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። ማትሪክ ላይ አይመጣም፣ የሥራ ማመልከቻ ላይ አይገባም። "በሉ እንለፈው" አልኩ። ማን ሊሰማኝ!

በሳምንቱ ሚኒ ሚዲያው ጠዋት ሰልፍ ላይ "የሳምንቱ ቃል" ብሎ አቀረበው። አንባቢው ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቴም ምላሱ ተሳሰረ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን የማያውቅ ተማሪ ጠፋ።

ጥር ላይ ደግሞ ከፎቅ አንድ ዳስተር ወርዶ ዩኒት ሊደሩ እግር ሥር አረፈ። ማን ወረወረው ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ተነሥቶ "ዘ ዳስተር ሃዝ ቢን ዲፌኔስትሬትድ" አለ፤ ዳስተሩ በመስኮት ተወርውሯል ማለቱ ነው። ሰዋስዉ እንከን አይወጣለትም። ወርዋሪው ግን የለበትም። ተደራጊ ግስ ጥቅሙ ይኸው ነው። እኛስ ቤት? ብርጭቆ ከእጁ ወድቆ "ሰበርኩት" የሚል ልጅ አላጋጠመኝም፤ "ተሰበረ" ነው የሚለው። ያን ረቡዕ ሙሉውን ጊዜ በዚህ ላይ ጨረስነው። ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ያስተማርኩት ነገር የገባቸው ያኔ ይመስለኛል። (የዳስተሩ ባለቤት እስከ ዛሬ አልታወቀም።)

የቃሉን ሥር ስንፈልግ ላቲን ደረስን። "ፌኔስትራ" መስኮት ነው፤ "ዴ" ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ውጭ የሚል ስሜት አለው። ጣሊያኖች ዛሬም መስኮትን ፊኔስትራ ይሉታል። የእንግሊዝኛው ዊንዶው ግን ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ነው፤ ጥንት "የነፋስ ዓይን" ማለት ነበር። ይህን ስነግራቸው ሁሉም ዞረው መስኮቱን አዩት።

ቃሉን ያስጠራው የፕራግ፣ የዛሬዋ የቼክ ዋና ከተማ፣ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1618 የተቆጡ የፕሮቴስታንት መኳንንት ቤተ መንግሥቱ ገቡ። የካቶሊኩን ንጉሥ ሁለት እንደራሴዎች፣ ማርቲኒትስንና ስላቫታን፣ በመስኮት ወረወሯቸው። ስላቫታ የመስኮቱን ጠርዝ ሙጭጭ ብሎ ይዞ ነበር፤ ጣቱን መትተው አስለቀቁት። ጸሐፊያቸው ፋብሪሲየስም ተከተለ። ከፍታው 21 ሜትር ያህል ነው። ሦስቱም ተረፉ! ካቶሊኮቹ እመቤታችን ተቀብላቸው ነው አሉ። ፕሮቴስታንቶቹ የለም፣ የፍግ ክምር ላይ ወድቀው ነው አሉ። ከዚያ ቀን የተነሣው ጦርነት እስከ 1648 ድረስ 30 ዓመት ፈጀ።

ልጆቹ የወደዱት ጸሐፊውን ነው። በኋላ የመኳንንት ማዕረግ ሲሰጠው ስሙ ላይ "ፎን ሆሄንፋል" ተጨመረለት። "ባለ ከፍተኛ ውድቀት" እንደማለት ነው። አንዱ ከኋላ "እኛ ብንሆን የፈረስ ስም እናወጣለት ነበር፤ አባ መስኮት!" አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

ብዙ የተከራከርነው ግን አገባቡ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ በድርሰቷ እናቷ ጠዋት ጠዋት የእቃ እጣቢውን "ዲፌኔስትሬት" እንደሚያደርጉ ጻፈች። ስሕተት ነው ወይ? መዝገበ ቃላቱ ዕቃንም ይፈቅዳል። ታዲያ ለምን ሳቅን? መልሱን የሰጠው አንድ ዝምተኛ ልጅ ነው። "ሱቅ ሄዶ 'አንድ ኪሎ ስኳር ይሰጠኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ' እንደማለት ነው" አለ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም። የከበደ ቃል ለቀለለ ነገር ሲውል ቀልድ ይሆናል። ቀልድ ከፈለግሽ ተጠቀሚበት፣ ካልፈለግሽ ተዪው አልኳት። አልተወችውም።

ጋዜጦች ደግሞ መሪ ከሥልጣን ሲባረር ይጠቀሙበታል። ይሄኔ አንዱ "ጃንሆይስ?" ብሎ ጠየቀ። ታሪክ የሚያስተምሩት ባልደረባዬ አጠገቤ ነበሩ። "መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በበር ነው የወጡት፤ ያውም በቮልስዋገን" ብለው ዘጉት።

በአማርኛ አንድ ቃል እናውጣለት የሚል ሐሳብም መጣ። "ፊርማ" ከጣሊያን መጥቶ "ፈረመ"ን ከወለደ፣ መስኮት ለምን "መሰከተ"ን አይወልድም? ጥሩ ክርክር ነው። አንዲት ልጅ ለሙከራ "ሰውየው ተመሰከተ" ብላ ስታነብ ግን ከኋላ "ማን መሰከረበት?" የሚል ድምፅ መጣ። ቃሉ እዚያው ሞተ።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን የፕራግን ታሪክ በድራማ አቀረብን። መስኮቱ የምድር ቤት ክፍል ነው፤ ከመሬት ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ልጆቹ እውነተኛ ፍግ ካልሆነ ብለው ነበር፤ እምቢ አልኩ። ከስፖርት ክፍል የተዋስነውን ስፖንጅ ዘርግተን ላዩ ላይ ድርቆሽ በተንን። ስላቫታን የሠራው ልጅ የመስኮቱን ብረት ይዞ አለቅም ሲል ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት "ኧረ ልጄን!" ብለው ተነሡ። የራሳቸው ልጅ ግን ከወርዋሪዎቹ አንዱ ነበር።

ድርቆሹ የግቢው ጥበቃ ለበጋቸው ያስቀመጡት ነው፤ ሰብስበን መልሰናል። ስፖንጁ በአንድ ጎኑ ተቀዷል። ከክበቡ መዋጮ አሰፍተን በመስከረም እናስረክባለን፤ ለዚህም አባ መስኮት የሚል ስም የወጣለት ተማሪ ኃላፊነቱን ወስዷል።