የትራክ ሙከራን ያስቀረው ኮምፒውተር አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ያወጣችሁትን ዘገባ እኔም ጓደኞቼም አንብበነዋል። አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን አልዋጥልን አለች። «ሲሙሌሽን በመራቀቁ በውድድር ዓመቱ መሀል ይደረግ የነበረው የትራክ ሙከራ ቀረ» ትላላችሁ። ሲሙሌሽን የምትሉት መኪናውን በመወዳደሪያው መንገድ (ትራክ) ሳይሆን በኮምፒውተር አስመስሎ መሞከርን ነው። ነገሩን ግን ገልብጣችሁታል። የዘገባው ቀሪ ክፍል ሁሉ ደግሞ የቆመው እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ሙከራውን ያስቀረው ገንዘብ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥቀስ። በ2008 ዓለም በፋይናንስ ቀውስ ስትናጥ የሆንዳ ቡድን ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ሌሎቹም ደነገጡ። ወጪ እንቀንስ ብለው ተስማሙና ከ2009 ጀምሮ ሲዝኑ ከተጀመረ በኋላ መሞከር ተከለከለ። ከዚያ በፊት ፌራሪ ፊዮራኖ ላይ የራሱ ትራክ ስላለው በሁለት ውድድሮች መካከል ሲሞክር ይውል ነበር። ለሙከራ ብቻ የተቀጠረ ሾፌርም ነበረው። ቡድኖቹ በሩ ሲዘጋባቸው ነው ገንዘባቸውን ወደ ሲሙሌተር፣ ማለትም ሾፌሩ ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጦ መኪናውን በኮምፒውተር ወደሚነዳበት መሣሪያ ያዞሩት። ሲሙሌተር ቀድሞም ነበር፤ እንዲህ እንዲገን ያደረገው ግን እገዳው ነው።

ያ የሙከራ ሾፌር ሉካ ባዶኤር ይባላል። ከአስር ዓመት በላይ የፌራሪን መኪኖች ሲሞክር ኖሯል። በ2009 የቡድኑ ተወዳዳሪ ሾፌር ፌሊፔ ማሳ ሀንጋሪ ላይ ክፉኛ ሲጎዳ እሱ ተተካ። በእገዳው ምክንያት ግን የዚያን ዓመት መኪና እንደ ድሮው ሊለማመድበት አልቻለም። ቫሌንሲያ ላይ በመጨረሻ ረድፍ ተነስቶ መጨረሻ ወጣ። ቤልጂየም ውስጥ ስፓ ላይም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ቦታውን ለሌላ ሰጡት። ስለ ሙከራ መቅረት የሚጽፍ ሰው ይህን ታሪክ እንዴት ይዘለዋል?

ኮምፒውተር ብቻውን ይበቃል ያለ ቡድንም ነበር። ቨርጂን በ2010 መኪናውን ያለ ንፋስ ዋሻ (በሞዴል ላይ ንፋስ እየነፉ የሚፈትሹበት ክፍል)፣ በኮምፒውተር ስሌት ብቻ ሠራ። ዓመቱን በመጨረሻ ደረጃ ጨረሰ። በ2011 መሀል ከዲዛይነሩ ኒክ ዊርዝ ጋር ተለያየና ከሌላው ቡድን ከማክላረን ጋር መሥራት ጀመረ።

መርሴዲስስ? በ2013 ከጎማ አቅራቢው ከፒሬሊ ጋር ባርሴሎና ላይ የዚያኑ ዓመት መኪና ይዞ 1,000 ኪሎ ሜትር ነዳ። ጉዳዩ ፍርድ ፊት ቀርቦ ተግሣጽ ተሰጠው፤ ከወጣት ሾፌሮች ሙከራም ታገደ። ትራክ ዋጋ ባይኖረው ሌሎቹ ቡድኖች ለምን ያን ያህል ይጮሁ ነበር?

ይኸው መርሴዲስ ከ2014 እስከ 2021 የቡድኖችን ዋንጫ ስምንት ጊዜ በተከታታይ የወሰደ ነው። በ2022 በአዲሱ ሕግ የሠራው መኪና ትራክ ላይ ሲወጣ ግን መዝለል ጀመረ። ከመኪናው ሥር የሚያልፈው አየር ወደ አስፋልቱ ይስበዋል። በጣም ሲጠጋ ፍሰቱ ይቋረጣል፤ መኪናው ብድግ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይሳባል። ሾፌሩ ሃሚልተን ባኩ ላይ ከመኪናው የወረደው ወገቡን ይዞ ነው። ቡድኑ ያን ዓመት ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ለምን አልታየም? ሕጉ በንፋስ ዋሻ ውስጥ የሚፈቅደው ከመኪናው 60 በመቶ የሚያክል ሞዴል ነው። ንፋሱም በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር ማለፍ የለበትም። መኪናው ትራክ ላይ 300ን ይሻገራል። የኮምፒውተር ስሌቱም ራሱ በኮታ ነው፤ ሻምፒዮኑ ከሁሉም ያነሰ ይደርሰዋል። አርብ ልምምድ ላይ መኪኖቹን የሚቀቧቸው ያ አረንጓዴ ፈሳሽ ምን ይመስላችኋል? አየሩ ስሌቱ ባለው መንገድ ማለፉን የሚያዩበት ነው። ሞዴሉ ልክ መሆኑን የሚነግራቸው ትራኩ ነው።

ሲሙሌተርን እያጣጣልኩ አይደለም። አርብ ማታ ፋብሪካ ውስጥ የሚቀመጠው ሾፌር ሌሊቱን በሲሙሌተሩ ሠርቶ ቅዳሜ ጠዋት የመኪናው ማስተካከያ እንዲለወጥ ያደርጋል። ትልቅ ሥራ ነው። እኔ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ አለኝ፤ ያለ ኮምፒውተር ምርመራ ሥራ አልጀምርም። ግን ኮምፒውተሩ «ደህና ነው» ያለው መኪና ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ከሥሩ ሲንኳኳ ስንቴ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሳልነዳው ለባለቤቱ አላስረክብም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያናደደኝ መግቢያችሁ ነው። «ለሀገራችን አንባቢ ባዕድ የሆነው ይህ ስፖርት» ብላችሁ ጀመራችሁ። ማንን ጠይቃችሁ? እኛ ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት እዚያ አንድ ቤት ተሰብስበን በቴሌቪዥን እናይ ነበር። ቤቱ ሲፈርስ ወደ ሜክሲኮ ተሻገርን። መካኒኮች አለን፣ የምህንድስና ተማሪዎች አሉ፣ አንዲት ነርስም አለች፤ ስለ ጎማ ከእሷ ጋር የሚከራከር የለም። የአውሮፓ ውድድር በአብዛኛው እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀምራል። የእንግሊዝ ኳስም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ነው። የቤቱ ባለቤት ሪሞቱን ያነሳና ውድድሩ ተጀምሮ ሳለ ወደ ኳስ ይቀይርብናል። ሂሳብ እኩል እየከፈልን ጥግ ላይ ስልክ ይዘን እንጨርሳለን። ይህን ለማስረዳት ዝግጅት ክፍላችሁ ስደውል «ከኳስ ሌላ ማን ያነባል?» ተባልኩ። እናንተ በትክክል ካልጻፋችሁት ማን ያነበዋል?

ልጆቹ ዘገባችሁን እየጠቀሱ ይከራከራሉ። አንዱ ተማሪ የመመረቂያ ሥራው ውስጥ ሊያስገባው ነበር፤ አስቆምኩት። ስለዚህ የእገዳውን ምክንያት አስተካክላችሁ እርማቱን እዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን አትሙልን። የእሁድ ፕሮግራም ስታወጡም የውድድሩን ሰዓት ከኳሱ ጎን ጻፉልን።

መካኒክ፣ ከተክለሃይማኖት