ለመጀመሪያዋ ማታ የሚሆን ፍራሽ

ቱሉ ዲምቱ ያላችሁም፣ ከሰፈራችን ወጥታችሁ ሌላ ቦታ የምትኖሩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የእድራችንን ዕቃ ቤት ታውቁታላችሁ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የሚቀመጥበትን ማለቴ ነው። ባለፈው ስብሰባ ግማሹን ለሌላ ሥራ ልናውለው ተስማምተናል። ከክፍለ ሀገር መጥተው ማደሪያ ላጡ ሴት ልጆች ማረፊያ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ማታ ማታ ቃሊቲ መናኸሪያ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከደቡብ የመጣው መኪና ሰው አራግፎ ሲያበቃ አንዳንዷ ልጅ ፌስታሏን ይዛ እዚያው ትቀራለች። ይቀበለኛል ያለችው ዘመድ ስልክ አያነሳም። ይጨልማል። ይኼኔ አንዲት ሴት ጠጋ ትላታለች። "የኔ ልጅ፣ ማደሪያ የለሽም እንዴ? ነይ እኔ ጋ እደሪ።" በአገሯ ቋንቋ ታናግራታለች፣ ሻይ ትገዛላታለች። ልጅቷ ምን ታድርግ? እኔም ብሆን እከተላት ነበር።

የደላላ ሥራ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጀምራል። ጠዋት ላይ ያደረችበትና የበላችበት ዕዳ ይሆንባታል። ከዚያ ሰው ቤት ትገባለች፣ ደመወዟን ሌላ ሰው ይቀበላል። አንዳንዷ መጠጥ ቤት ትቀራለች። አንዳንዷን ደግሞ "ቤሩት እልክሻለሁ" የሚል ሌላ ደላላ ይረከባታል። ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የጅቡቲ በረሃና ወደ የመን የሚሻገረው ጀልባ ነው። እሱም አለ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ቦሌ ላይ ያየነው አይረሳም። ግን ባሕር ሳይሻገሩ፣ እዚሁ ጎናችን የሚሸጡም አሉ።

ሕጉ ይህን ያውቃል። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ለብዝበዛ የመለመለ ሰው "ፈቅዳ ነው የመጣችው" ብሎ አያመልጥም። እኔ ግን አላውቅም ነበር። ከዓመታት በፊት በደላላ የመጣች ልጅ ቀጥሬ ነበር። ዕድሜዋን እንኳ አልጠየቅኋትም። ደላላው በየወሩ መጥቶ ደመወዟን ሲወስድ ለቤተሰቧ የሚልክላት መስሎኝ ዝም አልኩ። ስድስተኛው ወር ላይ እናቷ ጋ ደወልንላት። አንዲት ብር አልደረሳቸውም። በሕይወት መኖሯንም አያውቁም። የእናትየዋ ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በእድሩ ስብሰባ እጄን አውጥቼ የተናገርኩትም ለዚህ ነው።

የሚያስፈልገን 8 ፍራሽ ከነብርድ ልብሱ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ጠንካራ በር፣ ለመጸዳጃው የውኃ መስመር፣ አብራቸው ለምታድር አንዲት እናት ደመወዝ ነው። የስልክ ካርድም። ካርዱ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን እናት ጋ የሚደወለው በእሱ ነው።

"ማን ይቆጣጠራል?" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ጠይቁ። ልጅ በመጣች ማታ ለፖሊስ እናሳውቃለን። በማግስቱ የወረዳው የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይረከባታል። ሠራተኛ ፈልጌ ነው ብሎ የሚመጣ ሰው በሩን አያልፍም። ደግ ጎረቤታችን ቢሆንም እንኳ።

50 ብርም ሆነ ብርድ ልብስ እንቀበላለን። አናጺና ቧንቧ ሠራተኛ የሆናችሁ ግማሽ ቀን ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው። የቴሌብር ቁጥሩ እድሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል፣ ገንዘብ ያዣችን ለሁሉም ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ቃሊቲ መስመር የምትሠሩ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ የእናንተ ዓይን ከገንዘብ ይበልጥብናል። ብቻዋን የቀረች ልጅ ካያችሁ ደውሉልን። ቤታችሁ ሠራተኛ ያለችም ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስጧትና እናቷን ታናግር።

እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ዕቃ ቤቱን እናጸዳለን። መጥረጊያና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቡናውን እኛ እናፈላለን።