ለሐዋሳ ነርሶቻችን፦ የምስጋና መልእክት ከስትሮክ ሥልጠናው አስተማሪዎች

ሥልጠናው በሰላም ተጠናቀቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከአዳር ተረኝነት ወጥታችሁ እንቅልፍ ሳትጠግቡ ለተማራችሁ፣ ከይርጋለምና ከዲላ ለመጣችሁ፣ ተረኝነታቸውን ለሸፈናችሁላቸውም ባልደረቦች ምስጋናችን ከልብ ነው።

ከሁሉ በፊት የምናመሰግናችሁ ስለ ሻይ ማንኪያዋ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮው ሊደክም ይችላል፤ የዋጠው ወደ ሳንባው ወርዶ የሳንባ ምች ያስከትላል። ከምቱ የተረፈውን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጥለው ይኸው ነው። ስለዚህ መዋጥ መቻሉ እስኪፈተን ድረስ ውሃም ሆነ ክኒን በአፉ አይገባም። መንቃቱን አይታችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁ፣ መጀመሪያ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት፣ ደህና ከዋጠ 90 ሚሊ ሊትር ከብርጭቆ። ካሳለ፣ ድምፁ ውሃ እንደያዘ ከተንኮረኮረ ወይም ከከንፈሩ ጥግ ከፈሰሰ ይቆማል። ሳያስለው የሚወርድበትም አለና ፈተናውን ያለፈ ሰው የመጀመሪያ ምግቡን ሲበላ አጠገቡ ሁኑ። «ሆዱን ባዶ እንዴት ያድራል?» እያሉ አጥሚት ይዘው ለቆሙት አስታማሚዎች ሳትቆጡ ስላስረዳችሁ፣ እነሱም ስለሰሟችሁ ተባረኩ።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ አደራ። ቤተሰብ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደቀ» ሲል ቻርቱ ላይ 8:00 መሆን ሲገባው 2:00 ከተጻፈ 6 ሰዓት ተሳሳትን። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረበት አንሥቶ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው! ታሞ ከእንቅልፉ የነቃ ከሆነ የሚቆጠረው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ነው።

ታማሚው እንደደረሰ የደም ስኳሩ ይለካ፤ የስኳር ማነስ ስትሮክ መስሎ ይመጣል። ትኩሳት ለ72 ሰዓት በየ4 ሰዓቱ፤ 37.5 ከደረሰ ፓራሲታሞል፣ ጉሮሮው ካልተፈተነ ግን በአፍ አይሆንም። በየ2 ሰዓቱ ስታገላብጡ የዛለውን ክንድ አትጎትቱ፣ ትከሻው ይወልቃል። የደም ግፊቱ 180 ሆነ ብሎ ለማውረድ መቸኮል ደግሞ (ይህ ልማድ ቶሎ አይለቅም) ደም ስሩ የተደፈነበትን ሰው ይጎዳል፤ ደም ያነሰው አንጎል የሚኖረው በዚያው ግፊት ነውና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነካ።

«በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚለውን ወረቀት በአማርኛና በሲዳምኛ ጽፋችሁ ራስጌ ለለጠፋችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ። ማንበብ ለማይችል አስታማሚ በቃልም ይነገር። ታማሚው ፈተናውን ሲያልፍ ግን ወረቀቱን ማንሳት አትርሱ፤ በረሳነው ወረቀት ጦሙን እንዳያድር።