ለወንድሜ፦ ስለ እርሻ ንግድ ትምህርቱና ስለ ሽንኩርቱ ሒሳብ

ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? አባባና እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ካሊፎርኒያ መጥተህ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) የእርሻ ንግድና ኢኮኖሚክስ ለመማር ማሰብህ በጣም ደስ ብሎኛል፤ የጠየቅከኝን በዝርዝር ልጻፍልህ።

የካሊፎርኒያ ነዋሪ ለአንድ ዩኒት፣ ማለት ኮርስ ለሚለካበት ነጥብ፣ 46 ዶላር ይከፍላል፤ የ3 ዩኒት ኮርስ 138 ዶላር መሆኑ ነው። ነዋሪ ለመባል ግን ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ እዚሁ ስቴት መኖርህን ማሳየት ይኖርብሃል፤ ካልሆነ ክፍያው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከመጣህበት ቀን ጀምሮ የቤት ኪራይ ውልህን፣ የባንክና የታክስ ወረቀትህን አንድም ሳትጥል አስቀምጥ።

የኮሌጁ የሁለት ዓመት ዲግሪ 60 ዩኒት ነው። ለትራንስፈር፣ ማለት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር፣ የተዘጋጀውን ምረጥ፤ እሱን ከያዝክ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሌላ 60 ዩኒት ጨምረህ ባችለርህን ትጨርሳለህ። ፍሬዝኖ፣ ቺኮና ፖሞና ያሉት የዩኒቨርሲቲው ካምፓሶች ትምህርቱ አላቸው። ተማሪ የሚጎዳው ለሥራ ሰዓቱ የተመቸውን ክላስ ብቻ እየመረጠ ሲወስድ ነው፤ ዩኒቱ ይጠራቀማል እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይቆጥርለትም። ከመመዝገብህ በፊት አሲስት በሚባለው ድረ ገጽ ኮርሱ መቆጠሩን አረጋግጥ። ስታቲስቲክስና አካውንቲንግን ደግሞ ለመጨረሻ አታቆያቸው፤ አካውንቲንግ የትምህርቱ ልብ ነው።

ለምን እንደሆነ በፎገራ ሽንኩርት ላሳይህ። ቁጥሮቹን ለማስያ ያህል ነው የወሰድኳቸው። ለአንድ ሄክታር ዘር፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ መልቀሚያና ጆንያ ጨምሮ ከኪስ የወጣው 240,000 ብር ነው እንበል፤ ምርቱ 200 ኩንታል። ሰው ሁሉ አካፍሎ ኩንታሉ 1,200 ብር ፈጀብኝ ይላል። በ90,000 ብር የተገዛው የውኃ ፓምፕ ግን ከ5 ዓመት በኋላ 10,000 ብር ቢያወጣ ነው፤ በየዓመቱ 16,000 ብር አረጀ ማለት ነው። ቤተሰቡ የሠራው 60 የሥራ ቀን በ400 ብር ቢታሰብ 24,000 ብር ነው። ድምሩ 280,000 ብር ሆነ። ከምርቱ 20 ኩንታል ከበሰበሰ የሚሸጠው 180 ብቻ ነውና ኩንታሉ 1,556 ብር ገደማ ፈጅቷል። ነጋዴው 1,400 ብር ሲሰጥ አተረፍን ያለው ቤት በኩንታል 156 ብር ከስሯል። የራስን ጉልበት አለመቁጠር ብዙ ገበሬ ሳያውቀው የሚደኸይበት መንገድ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የምጨቀጭቅህ።

ሽንኩርቱ ገና ማሳው ላይ እያለ የኩንታሉ ዋጋ ወደ 700 ብር ቢወርድስ? አሁን የሚታየው ገና ያልወጣው ወጪ ብቻ ነው። መልቀሚያውና ጆንያው በኩንታል 250 ብር ከሆነ ይለቀም፤ ቀሪው 450 ብር ኪሳራውን ያቀልላል። ከ250 በታች ሲሆን ግን መልቀሙ ራሱ ሌላ ኪሳራ ነው።

የገበያውን ክፍል ስትማር በቺካጎ በወደፊት ውል፣ ማለት ዛሬ ዋጋ ተቆርጦ ወደፊት ለማስረከብ በሚገባ ውል፣ በቆሎ እንዴት እንደሚሸጥ ታያለህ፤ አንዱ ውል 5,000 ቡሼል፣ ወደ 127 ቶን ነው። ሽንኩርት ግን በአሜሪካ እንዲህ መሸጡ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ሁለት ነጋዴዎች የቺካጎን ሽንኩርት ጠቅልለው ከያዙ በኋላ በአንዴ ገበያው ላይ ስላፈሰሱት፣ በ1956 ባዶው ጆንያ ውስጡ ካለው ሽንኩርት በዋጋ በልጦ ነበር። ቶሎ የሚበሰብስ ምርት ዋጋ እስኪሻሻል አይጠብቅም፤ ገበሬውን ያጋለጠውም ይኸው ነው።

ከመምጣትህ በፊት የ12ኛ ክፍል ውጤትህንና ትራንስክሪፕትህን በታሸገ ፖስታ አውጣ። ለዘንድሮው መስኖ ደግሞ ከአባባ ጋር ሆናችሁ የነዳጁን ሊትር፣ የሠራተኛውን ቀን፣ የበሰበሰውንም ጭምር በየዕለቱ በደብተር ጻፉ። ገጾቹን በቴሌግራም ላክልኝ፤ ከሚቀጥለው ተከላ በፊት አብረን እናሰላዋለን።

አባባንና እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

የምትወድህ እህትህ