ልጄ፣ ማሙሽ ዝም ካለ ውረዱ

ልጄ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ከጥምቀት ወዲህ ተሽሎታል።

ትናንት ማታ እህትህ ደወለች። በሴሚስተር እረፍት ልጆቹን ይዛችሁ ባሌ ልትሄዱ እንደሆነ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፣ ሙች። ከዚያ ቀጥላ ከሀዋሳ በሌሊት ተነስታችሁ፣ በዚያው ቀን ሳኔቲ ሜዳ ወጥታችሁ፣ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ላይ የማሙሽን የልደት ፎቶ አንስታችሁ፣ እዚያው ድንኳን ተክላችሁ ልታድሩ እንዳሰባችሁ ስትነግረኝ ግን እንቅልፌ ጠፋ። በስልክ ብነግርህ «እሺ እማዬ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ በቴሌግራም ጻፍኩልህ። ቁጭ ብለህ አንብበው። ለባለቤትህም አንብብላት።

አትሂዱ አላልኩም። ሂዱ። ልጆቹ ስልክ ላይ ተደፍተው ከሚውሉ ተራራ ቢያዩ በስንት ጣዕሙ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ዝም ካለ ውረዱ። የሚያለቅስ፣ የሚነጫነጭ፣ «እዘሉኝ» እያለ የሚያስቸግር ልጅ ብዙም አያስፈራኝም። ለፍላፊ ልጅ ድንገት ዝም ሲል ነው የምፈራው።

«የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፣ ደጋ ለምደዋል» ብለሃታል አሉ። እስቲ ቁጥሩን እንይ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። ሀዋሳ 1,700 ገደማ። የባሌዋ ዲንሾ 3,100 አካባቢ ናት። ሳኔቲ ሜዳው ራሱ 4,000 ይደርሳል፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር፤ ከባሌ ተራሮች ትልቁ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚሳበው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንተ ከሀዋሳ ተነስተህ በመኪና በአንድ ቀን እዚያ ትደርሳለህ። የልጆቹ ሰውነት ግን በአንድ ቀን አይደርስም። ቀን ይፈልጋል። መውጣት ብቻውን ብዙም አይጎዳ ይሆናል፣ ማደሩ ነው ክፉው። ሳኔቲ ላይ አታድሩም። ይህን እንዳንከራከርበት።

የከፍታ ሕመምን ምልክት በነርስነቴ ልንገርህ። ትልቅ ሰው ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ይላል። ሚሚ ትናገራለች፣ አድጋለች። ማሙሽ ግን ራሱን አመመኝ ማለትን የት ያውቃል? እሱ ምግብ ይገፋል። መጫወት ይተዋል። ይደበታል፣ ያስመልሰዋል። እናንተ ደግሞ «ደክሞት ነው፣ መንገዱ ነው» ትላላችሁ። መንገዱ ይሁን ሌላ፣ እዚያ ላይ ሆናችሁ አትመራመሩ፣ ወርዳችሁ ተመራመሩ። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ወደ ላይ መቀጠልም የለም። መድኃኒቱ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ከፍታውን አይቀንሰውም።

ይህን ስጽፍ ያቺ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። አባትህ ነፍሱን ይማረውና ሁልጊዜ «ተዪው፣ ልጆቹን አታስፈራሪ» ይለኝ ነበር።

ጎባ ስሠራ ነው። አንተ ገና ሆዴ ውስጥ ነበርክ። ለክትባት ወደ ዶሎ መና ወርደን ስንመለስ በጭነት መኪና ነበር የተሳፈርነው። ያኔ የተገኘው ላይ ነው የሚወጣው። ከኛ ጋር አንዲት እናት ትንሽ ሴት ልጇን ይዛ ነበር። ልጅቱ አፏ አያርፍም። ሀረና ጫካ ውስጥ ዝንጀሮ ባየች ቁጥር ትጮሃለች፣ የሾፌሩን ረዳት በኦሮምኛ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፣ ሁላችንም በሷ እንስቃለን። ዳገቱን ጨርሰን ሳኔቲ ሜዳ ላይ እንደወጣን መኪናው ቀጥ አለ። ሾፌሩ ሞተሩን ከፍቶ ገባ። እኩለ ቀን ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ነፋሱ ደግሞ አጥንት ይገባል። ሰዓቱ ሄደ። አመሻሽ ላይ ልጅቱ እናቷ ጉያ ውስጥ ጥቅልል ብላለች። ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ተኛችላት» አለ። እኔም ጋቢዬን ላለብሳት ስጠጋ ዓይኗ ክፍት ነው። አልተኛችም። ዝም ብላ ታየኛለች። ዳቦ ሰጠኋት፣ ፊቷን አዞረች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ምን መሣሪያ አለኝ? የክትባት ሳጥን ነው የያዝኩት። ብቻ መውረድ እንዳለባት አውቄያለሁ። ከመና በኩል አንድ ላንድሮቨር መጣ፣ መንገድ መሃል ቆሜ አስቆምኩት። ሆዴ ገፍቷል፣ ማን ደፍሮ ይገጨኛል! እናትና ልጅን ይዤ ገባሁ። ቁልቁለቱን ወደ ጎባ ስንወርድ እጇን ይዤ ነበር። ከተማው ሊታየን ሲል አንገቷን ቀና አደረገችና ውሃ ጠየቀች። ውሃ! እናትየዋ በለቅሶ ፈረሰች። እኔም። በማግስቱ ልጅቱ ግቢው ውስጥ ስትሮጥ ዋለች፣ መድኃኒት ተብሎ የተሰጣት ነገር ሳይኖር። መውረዱ ነበር መድኃኒቱ። ከዚያ ዘመዶቻቸው መጥተው ወሰዷቸው፣ አድራሻ አልተለዋወጥንም። አሁን ካንተ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት። የልጆች እናት ሆና ይሆናል። የት እንዳለች ባውቅ እስከ መና ሄጄ አያት ነበር። ስሟን እንኳን ረሳሁት፣ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እና ልጄ፣ ማሙሽ ዝም ካለ ውረዱ።

እንዲህ አድርጉ። አርብ ማታ እኔ ጋ ግቡ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ታቦር ላይ አውጣቸው፣ አንተም ያደግክበት ነው። ጫማቸው እግራቸውን ይላጥ አይላጥ እዚያ ይታወቃል። አዲስ ጫማ ባሌ ላይ አይመረቅም። እሑድ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ግቡና እደሩ። በዚያ ቀን ሌላ ነገር የለም። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ነው፣ ክፍያውንም ጨርሱ፣ አስጎብኚም ያዙ። የአካባቢው ልጆች መንገዱንም እንስሳውንም ያውቁታል፣ ፈረስም ያከራያሉ። ሚሚ ስትደክም ፈረስ ላይ ትቀመጥ።

ሰኞ እዚያው ዲንሾ ዙሪያ በእግር ተንሸራሸሩ። ለልጅ ከዚያ የተሻለ የለም። መንገዱ ለትንሽ እግር አይከብድም፣ ኮሶና ጽድ ጥላ አለው፣ የደጋ አጋዘን ቅርብ ሆኖ ቆሞ ያይሃል። ከርከሮም አለ። ልጆች ጫፍ ምናቸው ነው? ጫፍ የአዋቂ ጣጣ ነው። እነሱ ድንጋይ ገልብጠው ጥንዚዛ ካዩ ቀኑ ሞላላቸው። አንተ ሰዓትህን አታይ። በማሙሽ እርምጃ ነው የምትሄዱት፣ ሲቀመጥ ትቀመጣላችሁ።

ማክሰኞ ሁሉም ደህና ካደሩ፣ ቁርስ በደንብ ከበሉ፣ በጎባ በኩል በመኪና ሳኔቲ ውጡና ቀይ ቀበሮ ፈልጉ። ቀን ነው የሚያድነው፣ ፍልፈልና አይጥ ፍለጋ ሜዳውን ሲያስስ ይታያል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ። ከመኪና ሆናችሁ እዩት፣ አታባርሩት፣ ፍርፋሪም አትጣሉለት። የናንተን ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ! ቀበሮውን የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ነው። ውሻው እኔ ጋ ይቆያል። ጅብራውንም ለልጆቹ አሳያቸው፣ ከአባታቸው በላይ የሚረዝም አበባ አይተው አያውቁም። ጥቂት ቆዩና ውረዱ። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ መኪና መንገድ አለ ብለህ እንዳትፈተን። ልጆቹ ከሳቁና ከተጫወቱ ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ። ካልሆነ ፎቶው ዲንሾ ላይ ይነሳ። ልደቱ ያው ልደት ነው።

ማሙሽን በማዘያ ስታዝለው ደግሞ ይህን አትርሳ። አንተ እየተራመድክ ላብ በላብ ትሆናለህ፣ እሱ ጀርባህ ላይ ቁጭ ብሎ ይበርደዋል። አንተ ሞቀኝ ብለህ እሱም የሞቀው እንዳይመስልህ። ቶሎ ቶሎ እግሩንና እጁን ዳስስ። አውርደህ አሩጠው። በዚህ ወር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ሳኔቲ ላይ ውሃ ይረጋል። የሱፍ ኮፍያ፣ ሁለት ሁለት ትርፍ ካልሲ፣ ጓንት፣ የዝናብ ልብስ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ባለ ጥላ ባርኔጣና ቫዝሊን ለከንፈር። ውሃ ሳይጠሙ አጠጧቸው። በሶውን በማር እኔ አዘጋጃለሁ፣ ጭኮም አሠርቻለሁ። ቺፕስ አትግዛላቸው።

ታውቃለህ፣ የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ከኛው ከጌዴኦ ጋር በአንድ ጉባኤ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት አልቅሻለሁ። አባትህ «አንድ ቀን ልጆቹን ይዘን ሄደን አጋዘኑን እናሳያቸዋለን» ሲል ኖረ። ሁልጊዜ ለከርሞ ነበር። ልጆች አደጋችሁ፣ እሱም ሄደ። ስለዚህ አንተ መሄድህ እኔን እንዴት እንዳስደሰተኝ አትጠይቀኝ። አባቴ፣ የኔ ጌታ፣ ተባረክ።

ግን ጠባይህን አውቀዋለሁ። የጀመርከውን ሳትጨርስ አትመለስም። ለሥራ ጥሩ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ባለቤትህ እንመለስ ካለች አትከራከር፣ መኪናውን አዙር። ሚሚ ራሴን አለች፣ መኪናውን አዙር። ማሙሽ ዝም አለ፣ ምክንያት ሳትጠይቅ ውረድ።

ትርፍ ጎማውን ነፋስ አስሞላ። ነዳጅ ሮቤ ላይ ሙላ። ሳኔቲ ላይ ኔትወርክ ይጠፋ ይሆናል፣ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ከጎባ ደውልልኝ፣ ስትወርዱም ከጎባ ደውል። ካልደወልክ እኔም እህትህም እንቅልፍ የለንም።

ስትመጡ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት እንዳትገዛ፣ ቤት ሞልቷል። አሳውን አርብ ጠዋት ከአሞራ ገደል አስመጣለሁ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ድረሱ።

እናትህ
ሀዋሳ